እንጀራ ልተው ወይስ ልቀንስ? ከስኳር ጋር ለምትኖሩ ጥያቄና መልስ፣ ከደሴ

ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ፤ የምኖረው ደሴ ነው። ስኳር ከተገኘብኝ 12 ዓመት ሆኖኛል። ክኒኑን ለሰው ስሰጥ ኖሬ አሁን ራሴ እውጠዋለሁ። ሰሞኑን ጎረቤቶቼና የቀጠሮ ቀን ጓደኞቼ "ካርቦሃይድሬት ቀንሱ ተባልን፤ እንዴት ነው የሚቀነሰው?" እያሉ ሲያስጨንቁኝ፣ ጥያቄያችሁን ጻፉልኝ አልኩ። ከደሴም ከኮምቦልቻም ጎረፈ። ደጋግሞ የመጣውን እነሆ።

ካርቦሃይድሬት ስል እንጀራ፣ ዳቦ፣ ማካሮኒ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ፍራፍሬ፣ ስኳር፣ ማር ማለቴ ነው። ሆድ ገብቶ ስኳር የሚሆነው እሱ ነው። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ቅቤ ላይ የለም ማለት ይቻላል።

ሲስተር፣ ስኳሬ 240 ገባ። ከነገ ጀምሮ እንጀራና ዳቦ እርግፍ አድርጌ ልተው ወስኛለሁ። የምወስደው ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ነው። (ከደሴ፣ ሆጤ)

ቆይ ወንድሜ። ከነገ አይሆንም። መጀመሪያ መድኃኒቱን ከሚያዝልህ ሐኪም ጋር ተነጋገር፣ ከዚያ እንጀራውን።

ግሊቤንክላማይድ ቆሽትን "ኢንሱሊን አውጣ" እያለ የሚያስገድድ ክኒን ነው። ብትበላም ባትበላም ያስገድዳል። የታዘዘልህ ሁለት እንጀራ በምትበላበት ጊዜ ነው። እንጀራው ሲጠፋ ክኒኑ ግን እዚያው ሲሆን ስኳርህ ቁልቁል ይወርዳል። ኢንሱሊን የሚወጋም ሰው እንደዚያው ነው።

እኔ ራሴ የተቀጣሁበት ነገር ነው። በሁለተኛው ዓመቴ "ነርስ ነኝ፣ አውቃለሁ" ብዬ እንጀራውን በአንድ ጊዜ አቆምኩ። ክኒኔን ግን እንደ ወትሮው ዋጥኩ። ቁርሴ አንድ እንቁላል ነበር። ኮምቦልቻ ለቅሶ ልደርስ ሚኒባስ ገባሁ። የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ስንደርስ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ነጠላዬ በላብ ራሰ። መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ነው ብዬ ዝም አልኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ "እናቴ፣ ምን ሆኑ?" ስትለኝ መልሱን አውቀዋለሁ፣ ቃሉ ግን ከአፌ አልወጣም። መለኪያዬን ከቦርሳዬ እሷ ነች ያወጣችልኝ። 52 አለ። ረዳቱ ለራሱ የገዛውን ለስላሳ ከፍቶ አጠጣኝ። እስከ ዛሬ እመርቀዋለሁ።

ስለዚህ ሐኪምህን እንዲህ በለው፦ "እንጀራ በግማሽ ልቀንስ ነው፤ የክኒኑ መጠን ምን ይሁን?" ምናልባት ግሊቤንክላማይዱን ይቀንስልሃል፣ ምናልባት ያቆመዋል። በራስህ ግን አታቁም። ስኳርህ ከ70 በታች ከወረደ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠህ ጠጣ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ለካ። ካልወጣ ድገም፤ ከወጣ ቀለል ያለ ነገር ብላበት። ማርና ለስላሳ ለስኳር ሰው የሚፈቀዱት እዚህች ላይ ብቻ ነው።

እኔ ሜትፎርሚን ብቻ ነው የምወስደው። እኔንም ይጥለኛል?

ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳር አውርዶ መጣሉ ብርቅ ነው። ቀስ እያሉ መቀነስ ይችላሉ። የደም ግፊት ክኒን ካለዎት ግን ግፊትዎንም ይለኩ። ምግብ ሲቀንስ፣ ክብደት ሲቀንስ፣ ግፊትም አብሮ ይወርዳል፤ ሲነሱ ሊያዞርዎ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኤምፓግሊፍሎዚን የሚባል ክኒን የሚወስድ ሰው ካርቦሃይድሬቱን በጣም እንዳይቀንስ፣ እንዳይጾምም፣ ሐኪሙን ሳያማክር። ስኳሩ ያን ያህል ሳይጨምር ደሙ በአሲድ ሊመረዝ ይችላል። ማስታወክ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ከመጣ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

አንድ እንጀራ ስንት ካርቦሃይድሬት አለው? ቁርጥ ያለ መልስ ስጡኝ። (ከኮምቦልቻ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ)

ቁርጥ ያለ መልስ የሚገኘው ከእርስዎ ሚዛን ላይ ነው፤ የየቤቱ ምጣድና ሊጥ ይለያያል። እኔ የቤቴን እንጀራ በኩሽና ሚዛን ላይ አጥፌ አስቀመጥኩት፤ 340 ግራም ሆነ። እንጀራ አብዛኛው ውሃ ነው። ከክብደቱ ወደ ሲሶ የሚጠጋው ካርቦሃይድሬት ነው ብለው ያስቡ። የኔ እንጀራ እንግዲህ 100 ግራም ገደማ ሆነ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ነው። ያካፍሉት።

እኔ አካፍዬው ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ሻዬን ያለ ስኳር እየጠጣሁ "ተጠንቅቄያለሁ" እል ነበር። ምሳ ላይ ደግሞ አንድ ተኩል እንጀራ።

አሁን የምበላው በአንድ ማዕድ ሩብ እንጀራ ነው፤ ሥራ የበዛ ቀን ሲሶ። መጀመሪያ ላይ ከአንድ ተኩል ወደ አንድ ወረድኩ። ሁለት ሳምንት ቆየሁ። ከዚያ ግማሽ። ሩብ ላይ ለመድረስ ሦስት ወር ፈጀብኝ። እንደ ሚኒባሱ ጊዜ አልተጣደፍኩም።

ቀይ ጤፍ ለስኳር ይሻላል ይባላል። የገብስ እንጀራስ? እኛ ቃሉ ወረዳ በኩል የማሽላ እንጀራ ነው የምንበላው።

ጤፍም፣ ገብስም፣ ማሽላም፣ በቆሎም፣ ስንዴም በደረቁ ሲመዘኑ ከ100 ግራሙ ወደ 70 ግራሙ ካርቦሃይድሬት ነው። ቀይ ጤፍ ሙሉ እህል ስለሆነ ከፉርኖ ዱቄት ዳቦ ይሻላል፤ ብረትም አሰርም (ፋይበር፣ ሆድ የማይፈጨው የእህል ክፍል) አለው። ግን "ቀይ ነው" ተብሎ ሁለት እንጀራ አይበላም። በሶም ያው ገብስ ነው። አንድ ትልቅ ብርጭቆ በሶ ጠጥታ "ምንም ሳልበላ ስኳሬ ጨመረ" ያለችኝ ጎረቤት አለችኝ።

እንጀራ ከቀነስኩ ምን ልብላ? በቅጠል ልኖር ነው?

ይሄ ዋናው ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። እንጀራውን ይቀንስና በቦታው ምንም አያስገባም። በሦስተኛው ቀን ይርበዋል። በአራተኛው ቀን ሌሊት ሞሰብ ይከፍታል።

ወጡን ያብዙ፤ እንጀራውን ያሳንሱ። ቁርስ ላይ ሁለት እንቁላል በቃሪያና በቲማቲም፤ ካርቦሃይድሬቱ ከቁጥር አይገባም። ወይም አይብ በጎመን። ምሳ ላይ ትልቅ ጭልፋ ጎመን፣ ከጎኑ ሥጋ ወይም ምስር፣ ከዚያ ሩብ እንጀራ። አቮካዶ ካለ ግማሽ ፍሬ፤ ካርቦሃይድሬቱ ጥቂት ነው፣ እሱም አብዛኛው አሰር ነው። ድንች ግን አትክልት ቢባልም እህል ነው ብለው ይቁጠሩት። ጥቅል ጎመን በድንች የሚሠራ ሰው ድንቹን በካሮትና በፎሶሊያ ይቀይር።

ሐይቅ ቅርባችን ነው፤ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። የሐይቁን ቆሮሶ ዓሣ ጠብሰው በሰላጣ ሲበሉ እንጀራ ትዝ አይልዎትም። ዱቄት ውስጥ ሳይነከር ይጠበስ እንጂ።

አንድ ዘዴ አለኝ፣ ቤተሰቦቼ የሚስቁበት። ጎመኑንና ወጡን በማንኪያ እጀምራለሁ፤ እንጀራውን የምነካው ሳህኑ ሲጋመስ ነው። አትክልትና ፕሮቲን ቀድሞ ሲገባ ከምግብ በኋላ ያለው ስኳር እንደሚቀንስ በጥናት የታየ ነገር ነው። በእኔም መለኪያ ታይቷል። ሽሮ በማንኪያ መብላት ያስቃል፤ አውቃለሁ።

በሁዳዴ ሥጋም እንቁላልም የለም። እኔ ጿሚ ነኝ። ያለ እንጀራ ጾም እንዴት ይሆናል?

እውነት ነው፣ ጾም ላይ ይከብዳል። ሽሮና ምስር ራሳቸው ካርቦሃይድሬት አላቸው። ግን አሰርና ፕሮቲን ስላላቸው ስኳር ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 20 ግራም ካርቦሃይድሬት ይዞ 8ቱ አሰር ነው። ሽሮውን ወፈር፣ እንጀራውን ሳሳ ያድርጉት። አዚፋ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር በልክ፣ አቮካዶ፣ ለውዝ በእፍኝ፣ ተልባ። የሱፍ ፍትፍት ላይ ሱፉ አይደለም ችግሩ፤ ፍትፍቱ ነው። ሱፉን በጎመን ላይ ያፍስሱት። የሚገርም ይጣፍጣል።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ ከወሰደ ያው የሐረጎው ታሪክ ነው። ሰዓቱን ከሐኪም ጋር ያስተካክሉ፤ የነፍስ አባትዎንም ያማክሩ።

ሲስተር፣ ረመዷን ላይ ፊጥር ስናደርግ ስኳሬ 300 ይደርሳል። ሳንቡሳ መብላት አቁሜያለሁ እኮ!

አብሽሪ። ሳንቡሳው ብቻውን አይደለም። ተምሩን ቁጠሪው። አንድ ተምር እንደ መጠኑ ከ5 እስከ 18 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው። አምስት ትልልቅ ተምር፣ አንድ ብርጭቆ ጁስ፣ የአጃ ሾርባ፣ ከዚያ እንጀራ፤ 300 እንዴት አይገባ! አንድ ተምር በውሃ አፍጥሪ። ሾርባውን በሥጋና በአትክልት አድርጊው። ሰግደሽ ስትመለሺ ዋናውን ብይ፤ እንጀራው ሩብ። ሱሁር አትዝለዪ፤ እንቁላልና እርጎ ጥሩ ስንቅ ነው።

ጣት ወግቶ መለካት ጾም እንደማያፈርስ ዑለሞቹ ይናገራሉ፤ ስለዚህ ቀን ላይ ለኪ። ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ከሆነ ጾሙን ማፍረስ ነው። መድኃኒት ወደ ፊጥርና ሱሁር የሚዛወረው ደግሞ ረመዷን ከመግባቱ በፊት ነው። ከአንድ ወር በላይ ቀደም ብለሽ ሐኪም ቤት ሂጂ።

ለቅሶ ቤትና ሠርግ ላይስ? "በሞቴ" ሲሉኝ እምቢ ማለት አልችልም።

ወሎ ውስጥ ጉርሻ እምቢ ማለት ጠብ መፈለግ ነው፤ ይገባኛል። እኔ የምለው ይሄ ነው፦ "ካጎረስከኝ አይቀር ሥጋውን አጉርሰኝ።" ይስቃሉ፣ ሥጋውን ያጎርሱኛል። ሁለተኛ ዘዴ፣ ከቤት ሳልወጣ አንድ እንቁላል እበላለሁ። የጠገበ ሰው "በሞቴ" ሲሉት ይቋቋማል። ሦስተኛው፣ በቃ የበሉበት ቀን በሉ፤ በማግሥቱ መመለስ ነው። አንድ ሠርግ ኤዋንሲ የሚባለውን የሦስት ወር አማካይ አያበላሽም። በየሳምንቱ ሠርግ ካለ ሌላ ጉዳይ ነው።

ከቀነስኩ ሳምንት ሆነኝ። ራሴን ያመኛል፣ ያልበኛል፣ ስለካው ግን 115 ነው። ወረደ እንዴ? ዓይኔም ደብዘዝ ብሏል።

115 አልወረደም፣ ጥሩ ነው። ወራት 250 ላይ የኖረ ሰውነት 115 ሲያይ "ተራብኩ" ብሎ ይጮኻል። በጥቂት ሳምንት ይለምዳል። እንዲህ ሲሆንብህ ቁጥሩን ሳታይ ስኳር አትጠጣ፤ መለኪያ በእጅህ ከሌለ ግን ጠጣ፤ ከመውደቅ ይሻላል።

ራስ ምታቱ ውሃና ጨው በሽንት ስለሚወጣ ነው። ውሃ ጨምር። ግፊት ከሌለብህ የሥጋ መረቅ ቢጤ ጠጣ። ሆድ ድርቀት ከመጣ ተልባና ጎመን።

ዓይን ላይ ትንሽ ልቆይ። ስኳር ሲወርድ የዓይን ሌንስ ውስጥ ያለው ውሃ ይለዋወጣል፤ ለጥቂት ሳምንታት ይደበዝዛል። አዲስ መነጽር ለመግዛት አትሩጥ፤ ከወር በኋላ አይሆንህም። እኔ ሁለት መነጽር ገዝቼ አንዱ መሳቢያ ውስጥ አለ። ጥቁር ነጠብጣብ ወይም እንደ መጋረጃ የወረደ ነገር ካየህ ግን ቀን አትቁጠር፤ የዓይን ሐኪም ጋ ሂድ። ስኳሩ ለብዙ ዓመት ከፍ ብሎ የኖረበት ሰው ደግሞ እንጀራ መቀነስ ከመጀመሩ በፊት ዓይኑን ይታይ።

ማታ ምንም ሳልበላ ጠዋት 160። ከየት መጣ?

ከጉበትዎ። ሊነጋጋ ሲል ጉበት ለቀኑ የሚሆን ስኳር ይለቃል፤ የጤነኛውም ይለቃል፣ የእሱ ኢንሱሊን ግን ያስተካክለዋል። እራት ቀደም አድርገው ይብሉ፣ ከእራት በኋላ ትንሽ ይራመዱ። ደሴ ለዚህ ጥሩ ናት፤ የትም ቢዞሩ ዳገት ነው። ጠዋት የሚፈለገው ከ80 እስከ 130፣ ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ ከ180 በታች ነው፤ ለአዛውንትና ለሌላ ሕመምተኛ ሐኪሙ ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ቡናስ? ማርስ? ማር ተፈጥሮ ነው አይደል?

ቡና ያለ ስኳር አቦልም ቶናም በረካም ይጠጡ። ማር ተፈጥሮ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያው 17 ግራም ስኳር ነው። እባብም ተፈጥሮ ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 8 የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለው። ከቡናው ጋር የሚቀርበውን ቆሎና ፈንዲሻ ደግሞ ማንም አይቆጥረውም።

ዱዓ ላይ ጫት እቅማለሁ። ጫት ስኳር ያወርዳል ይባላል።

ጫቱ ረሃብ ያጠፋል። ምሳ ይዘለላል፤ ኢንሱሊን የተወጋ ሰው ከሆንክ ይጥልሃል። ከዚያ አፍ ሲደርቅ ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ይመጣል፤ ይሰቅልሃል። ማታ እንቅልፍ የለም። እኔ ቢተው ደስ ይለኛል። ካልተወ ግን በልቶ፣ ከውሃ ጋር።

ልጄ 13 ዓመቱ ነው፣ ስኳሩ ዓይነት 1 ነው። እንጀራ ላስቀንሰው?

አይ እቴ፣ እዚህ ላይ እጄን አላስገባም። የሱ ሰውነት ኢንሱሊን አያመነጭም፤ እያደገም ነው። ምግቡ ሲቀየር ኢንሱሊኑ በዩኒት ይቀየራል፤ ያን የሚሠራው ሐኪሙ ነው። ምንም ሳይበላ ቢቀር እንኳን ኢንሱሊኑን ሙሉ በሙሉ እንዳታቋርጪበት። ነፍሰ ጡርና ኩላሊቱ የተጎዳ ሰውም እንደዚሁ በራሱ አይጀምር። ኩላሊት ያለበት ሰው እንጀራ ቀንሶ ሥጋ ሲያበዛ ሌላ ችግር ይገዛል።

ኮምቦልቻ ሙቀት ነው፤ ፍሪጅ የለኝም። ኢንሱሊኔን የት ላስቀምጥ?

ከርዕሳችን ቢወጣም ይጠቅማል። የተከፈተ ኢንሱሊን ከ30 ዲግሪ በታች 4 ሳምንት ይቆያል። ትልቅ ሸክላ ውስጥ እርጥብ አሸዋ ያድርጉ፤ መሃሉ ላይ ትንሽ ሸክላ። ብልቃጡን በፌስታል ጠቅልለው ትንሿ ውስጥ ያስገቡ፤ ጥላ ቦታ ያኑሩት፤ አሸዋውን በየቀኑ ያርጥቡ። እናቶቻችን ውሃ በገንቦ እንደሚያቀዘቅዙት ነው። ያልተከፈተውን ፍሪጅ ያለው ጎረቤት ያስቀምጥልዎ፤ በረዶ ቤት ውስጥ ግን በፍጹም። በረዶ የነካው ኢንሱሊን ይጣላል።

መራራ ነገር ስኳር ይገድላል ይላሉ። ግራዋ፣ ሽፈራው፣ አብሽ...

ደም ውስጥ ያለ ስኳር ምላስ ላይ ባለ መራራ አይሞትም። አብሽ አሰር ስላለው ምግብ ላይ ቢገባ አልቃወምም። ክኒን ጥሎ ግራዋ የጠጣን ሰው ግን በሥራ ዘመኔ አልጋ ላይ ተቀብዬዋለሁ።

ስትሪፕ ውድ ነው። በየቀኑ መለካት አልችልም። ታዲያ እንዴት ልወቅ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በእኔም ኪስ የሚያልፍ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ ከሆነ ስትሪፕ ሲቆጥቡ ስኳሬ ወረደ ብለው ሲጠረጥሩ የሚለኩበት ሁልጊዜ ይተርፍ። የቀረውን በጥንድ ይጠቀሙበት። በሳምንት አንድ ማዕድ ይምረጡ፤ ምሳ እንበል። ከመብላትዎ በፊት ይለኩ፣ ከጀመሩ ሁለት ሰዓት በኋላ ይለኩ፣ የበሉትንም ይጻፉ። የኔ ደብተር አንዱ ገጽ እንዲህ ይላል፦ "ግማሽ እንጀራ፣ ሽሮ። 128፣ 211።" በሚቀጥለው ሳምንት፦ "ሩብ እንጀራ፣ ጎመን መጀመሪያ፣ ሽሮ። 124፣ 158።" እኔ ለራሴ ያወጣሁት ልክ ከ50 በላይ ካደገ ማዕዱ ይታረማል የሚል ነው። በሌላው ሳምንት እራትን፣ ከዚያ ቁርስን። በሁለት ወር ስምንት ማዕድ በ16 ስትሪፕ ያውቃሉ። በተረፈ በየሦስት ወሩ ኤዋንሲ ከተገኘ ያሠሩ፤ ደም ማነስ ካለብዎ ግን ቁጥሩ ሊያሳስት ስለሚችል ለሐኪሙ ይንገሩት።

ሁለት ሦስት ጥያቄ ቀርቶኛል፤ አንዱ ስለ እግር ነው፣ ራሱን የቻለ ነገር ይፈልጋል። ቡናው ተፈልቶ እየጠሩኝ ነው፤ በሌላ ቀን።